በሕይወት ባለ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የካንሰር ሴልን ማየት፦ ሌዘር መጨመር ለምን አይረዳም?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጂኤፍፒ የተባለውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚያመርቱ የጡት ካንሰር ሴሎችን በአይጥ ጡት ውስጥ አሳድጌያለሁ። በሳህን ላይ ሳያቸው ጥርት ብለው ይታያሉ። አይጧን አደንዝዤ፣ ቆዳውን ከፍቼ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ስመለከት ግን ከ70 ማይክሮሜትር በታች ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆንብኛል። የሌዘሩን ኃይል ከ5 ወደ 60 በመቶ ሳሳድገው ትንሽ ተሻለ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን ሴሎቹ ክብ ሆነው መንቀሳቀስ አቆሙ። በዚያ ላይ ዕጢ በሌላት አይጥም አረንጓዴ ነገር ይታየኛል። ሌዘራችን ደካማ ሆኖ ነው? የምፈልገው ሴሎቹ ዙሪያቸውን ሲወሩ ለተከታታይ ቀናት መከታተል ነው። ካልተቻለ ዕጢውን በፎርማሊን አቆይቼ፣ ቆርጬ ባየው ያው አይደለም?»

ሌዘርዎ ደካማ አይደለም። ጭጋጉን ያመጣው የብርሃን ማነስ ሳይሆን የብርሃን መበተን ነው። በሳህን ላይ ያለ ሴል አንድ ስስ ንጣፍ ነው፤ ዙሪያውም ፈሳሽ ስለሆነ ብርሃኑ ገብቶ እስኪወጣ የሚያደናቅፈው የለም። ዕጢ ውስጥ ግን ስብ፣ የኮላጅን ክር፣ የሴል ሽፋንና ደም ተደራርበው ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ይለያያል። የሞገድ ርዝመቱ 488 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ሌዘር በዚህ መሃል ሲያልፍ በየአቅጣጫው ይበተናል። ከሴሉ የሚወጣው አረንጓዴ ብርሃንም ወደ ሌንሱ ሲመለስ እንደገና ይበተናል። ኮንፎካል ጥራቱን የሚያገኘው ከተተኮረበት ነጥብ ውጭ የመጣውን ብርሃን ፒንሆል በሚባለው ጠባብ ቀዳዳ በማገድ ነው። መንገድ ላይ የተበተነ ብርሃን ከትክክለኛው ሴል የመጣ ቢሆንም ቀዳዳውን ይስታል። በመሆኑም ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የሚፈልጉት ምልክት እየከሰመ፣ ከላይኛው ንጣፍ የሚመጣው ብርሃን እያየለ ይሄዳል። ኃይል ሲጨምሩ ሁለቱም አብረው ስለሚጨምሩ የምስሉ ጥራት ብዙም አይለወጥም። ፒንሆሉን ማስፋትም ያው ጭጋጉን ማስገባት ነው። ጥቅጥቅ ባለ ዕጢ ውስጥ በሰማያዊ ሌዘር የሚሠራ ኮንፎካል የሚታመን ምስል የሚሰጠው ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ባለው ጥልቀት ነው። እርስዎ 70 ላይ መቆምዎ መሣሪያው የሚችለውን ያህል እየሠራ መሆኑን ያሳያል።

ሴሎቹ ክብ የሆኑት በሌዘሩ ተጎድተው ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ አለ፦ ኮንፎካል የሚያሳየው አንድ ንጣፍ ቢሆንም የሚያበራው ግን ከላይ እስከ ታች ያለውን የብርሃን መንገድ በሙሉ ነው። 20 ንጣፎችን ደራርበው ሲያነሱ እያንዳንዱ ሴል 20 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ብርሃን የዋጠ ፍሎረሰንት ሞለኪውል በአቅራቢያው ያለውን ኦክስጅን ወደ ጎጂ ዓይነት ይለውጠዋል፤ ያም የሴሉን ሽፋንና ፕሮቲኖች ያጠቃል። ጉዳቱ በቅደም ተከተል ይታያል። በመጀመሪያ ሴሉ የዘረጋቸውን ቀጫጭን እጆች ይሰበስባል፤ ቀጥሎ ክብ ይሆናል፤ ከዚያ ሽፋኑ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያሉ እብጠቶች ብቅ ይላሉ። በአቅራቢያው ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ደሙ ይቆማል፤ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ከየአቅጣጫው ወደ ተቃጠለው ቦታ ይጎርፋሉ። ይህን ሳያውቁ ምስሉን የተመለከቱ እንደሆነ «የመከላከያ ሴሎች ዕጢውን ሲያጠቁ አየሁ» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። በተጨማሪም ቀለሙ አለመደብዘዙ ሴሉ ለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ጉዳቱ ቀለሙ ከመደብዘዙ ብዙ ቀድሞ ሊጀምር ይችላል።

ዕጢ በሌላት አይጥ ላይ ያዩት አረንጓዴ ደግሞ የሰውነቱ የራሱ ብርሃን ነው። በሴል ጉልበት ማመንጫዎች ውስጥ ያሉ ፍላቪን የተባሉ ሞለኪውሎች በሰማያዊ ብርሃን ተነስተው ወደ 530 ናኖሜትር አካባቢ ያበራሉ፤ ይህ ጂኤፍፒ ከሚያበራበት 509 ብዙም አይርቅም። ኮላጅንና ኤላስቲንም ያበራሉ፤ በክር መልክ ስለሚታዩ ለመለየት ቀላል ናቸው። አሳሳቾቹ ማክሮፋጆች የተባሉት ቅሪት ዋጭ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። የዋጧቸውን ቅሪቶች በውስጣቸው ስለሚያከማቹ ደማቅ፣ ድቡልቡልና የካንሰር ሴል የሚያክሉ ሆነው ይታያሉ። መለያው ዘዴ ቀላል ነው፦ የሚወጣውን ብርሃን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ከ500 እስከ 550፣ ሌላውን ከ580 እስከ 630 ናኖሜትር በአንድ ጊዜ ይቅረጹ። ጂኤፍፒ በመጀመሪያው ደምቆ በሁለተኛው በጣም ይደክማል። የተፈጥሮ ብርሃን ግን ሰፊ ስለሆነ በሁለቱም ይታያል። በሁለቱም ቻናል እኩል የደመቀ ነገር የእርስዎ ሴል አይደለም። ዕጢ የሌላት አይጥ ላይ ያነሱትን ምስልም አይጣሉት፤ ከሙከራዎ ሁሉ አስፈላጊው ማነጻጸሪያ እሱ ነው። ጣራዎን፣ ማለትም «ከዚህ በላይ የደመቀ የካንሰር ሴል ነው» የሚሉበትን መጠን፣ የሚወስኑት ከእሱ ላይ ነው።

ለጥያቄዎ የሚስማማው መሣሪያ የሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ነው። ሐሳቡን ማሪያ ገፐርት ማየር በ1931 በንድፈ ሐሳብ አስቀምጣዋለች፤ በማይክሮስኮፕ ላይ ያዋሉት ደግሞ ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ በ1990 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሞለኪውሉን በአንድ ሰማያዊ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ከማንሳት ይልቅ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ግማሽ የሆነ ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቅጽበት እንዲያነሱት ይደረጋል። ለዚህ ሌዘሩ 100 ፌምቶሰከንድ (አንዱ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው) ያህል የሚቆዩ ምቶችን በሰከንድ 80 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይልካል። ሁለት ፎቶኖች በአንድነት የሚገናኙት ብርሃኑ እጅግ በታመቀበት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይና በታች ያለው ጂኤፍፒ አይነሳም። ትልቁ ትርፍም ከዚህ ይገኛል። የሚያበራው አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ፒንሆል አያስፈልግም፤ የሚወጣው ብርሃን ቢበተንም ከየት እንደመጣ ስለሚታወቅ ከሌንሱ አጠገብ በተተከሉ ጠቋሚዎች ተሰብስቦ ይቆጠራል። ለጂኤፍፒ የሚሆነው ከ900 እስከ 920 ናኖሜትር ያለው ሞገድ ነው፤ ይህም ከሰማያዊው በጣም ያነሰ ይበተናል። በዕጢ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ማይክሮሜትር ድረስ መውረድ ይቻላል። ከዚያ ያለፈ ጥልቀት በአብዛኛው የሚነገረው ስለ አንጎል ነው፤ ዕጢ ግን ከአንጎል ይበልጥ ብርሃን ይበትናል፤ ስለዚህ ያንኑ አይጠብቁ።

ሌላም ጥቅም አለው። የኮላጅን ክሮች ያለ ምንም ቀለም ከሌዘሩ ሞገድ ልክ ግማሽ ላይ ያበራሉ፤ በ920 ሲሠሩ 460 ናኖሜትር ላይ ማለት ነው። 460ን መሃል ያደረገ ጠባብ ማጣሪያ ከጨመሩ ሴሎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ከሴሎቹ ጋር አብረው ያያሉ። ወረራን ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጡት ካንሰር ሴሎች የኮላጅን ክር ይዘው ሲጓዙ በዓይን ይታያል።

የሌዘሩን ኃይል በመቶኛ አይመዝኑ። በስክሪኑ ላይ ያለው 60 በመቶ በአንዱ መሣሪያ 20 ሚሊዋት፣ በሌላው 200 ሊሆን ይችላል። የኃይል መለኪያ ከሌንሱ ሥር አስቀምጠው የእያንዳንዱን መቶኛ ሚሊዋት በሰንጠረዥ ይያዙ። ለሁለት ፎቶን ሥራ ገጽታው ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊዋት ይጀምሩ፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ከ50 በላይ ግን ሳያመነቱ አይለፉ። ምልክቱ ከኃይሉ ካሬ ጋር ስለሚጨምር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ብርሃኑን አራት እጥፍ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ ግን ከዚያም በፈጠነ መጠን ይጨምራል። ጠቋሚዎቹ ክፍት ሆነው የክፍሉ መብራት ከበራ በቅጽበት ሊበላሹ ስለሚችሉ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ያጨልሙ፤ የኮምፒውተሩን ስክሪን ሳይቀር ይጋርዱ። ሌዘሩ ለዓይን አይታይም፤ ዓይንን ግን ያሳውራል። መንገዱን ከፍተው የሚያስተካክሉ ከሆነ ለዚያ ሞገድ የተሠራ መነጽር ያድርጉ።

አሁን ወደ አይጧ ልመለስ፤ ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ከማይክሮስኮፑ ይልቅ እዚህ ላይ ነውና። ቆዳውን ከፍቶ ማየት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሆን ዘዴ ነው፤ በመጨረሻም አይጧ ሳትነቃ በማደንዘዣው ውስጥ እያለች ሕይወቷ ያልፋል። ለተከታታይ ቀናት ከፈለጉ በጡቱ ላይ የሚሰፋ መስኮት ያስፈልግዎታል፦ 12 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ መስታወት የተገጠመበት ቀለበት ነው። የመስታወቱ ውፍረት 0.17 ሚሊሜትር ይሁን፤ ብዙ ሌንሶች የታረሙት ለዚያ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉ ራሱ የመከላከያ ሴሎችን ስለሚጠራ ጥቂት ቀናት ሳይጠብቁ አይጀምሩ። መስኮቱ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ ለሁለት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። ይህ ሁሉ በእንስሳት ምርምር ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ የጸደቀ ዕቅድና በቀዶ ጥገናው የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ የሕመም ማስታገሻም መሰጠት አለበት።

ማደንዘዣው አይሶፍሉሬን ከሆነ ለማስተኛት 4 በመቶ፣ ከዚያ ለማቆየት ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይበቃል። እስትንፋሷን ይቁጠሩ፤ በደቂቃ ወደ 60 ቢሆን ጥሩ ነው። እስትንፋሷ በጣም ከዘገየ ዕጢው ኦክስጅን ያንሰዋል፤ እርስዎም የሚቀርጹት የታፈነ ሕብረ ሕዋስ ይሆናል። ሙቀቷ ከ36 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ከሥሯ ማሞቂያ ማድረግ ብቻ አይበቃም፦ በውሃ የሚነካት ሌንስ ትልቅ ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ከመስኮቱ በቀጥታ ይስባል። የሰውነቷ ሙቀት መለኪያ 37 እያሳየ እርስዎ የሚያዩት ቦታ ግን ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ የቀዘቀዘ ሴል ደግሞ ይዘገያል። የሌንስ ማሞቂያ ይግጠሙ። በየሰዓቱ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሊትር የሞቀ ሳላይን (የጨው ውሃ) ከቆዳ ሥር ይስጡ፤ ዓይኖቿን በቅባት ይሸፍኑ። ምስሉ ከእስትንፋስ ጋር የሚዘል ከሆነ መፍትሔው የመስኮቱን ቀለበት በቀጥታ ከማይክሮስኮፑ ጠረጴዛ ጋር በብረት ማሰር ነው። በሶፍትዌር ማስተካከል የሚያስወግደው ወደ ጎን ያለውን እንቅስቃሴ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን አይመልስም።

ሕብረ ሕዋሱ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጫው ደም ነው። 2,000 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዝን፣ ቀይ ቀለም የተያያዘበት ዴክስትራን የተባለ የስኳር ሰንሰለት በጅራት ደም ሥር ይስጡ። ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ፣ ያበራል፤ ቀይ የደም ሴሎች ግን ቀለሙን ስለማይወስዱ በብርሃኑ መሃል እንደ ጥቁር ጭረት ተከታትለው ያልፋሉ። ጭረቶቹ እየፈሰሱ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ከቆሙ የዚያን ሰዓት ምስል አይጠቀሙበት። 70 ኪሎዳልተን የሆነው ትንሹ ዴክስትራን ከዕጢ የደም ሥሮች ቶሎ ስለሚያፈስ ለረጅም ቀረጻ አይመችም። አረንጓዴ ዴክስትራን ከጂኤፍፒ ጋር ስለሚቀላቀል አይግዙት። ከደም ሥር የወጣውን ማክሮፋጆች እንደሚውጡትም ያስታውሱ፤ ከአንድ ቀን በኋላ የሚያዩዋቸው ቀይ ሴሎች እነሱ ናቸው።

ለቀረጻው ይህን መነሻ ያድርጉ፦ 20 እጥፍ የሚያጎላ፣ የብርሃን መሰብሰቢያ ቁጥሩ 1.0 የሆነና በውሃ የሚሠራ ሌንስ፤ 400 ማይክሮሜትር ስፋት በ512 በ512 ነጥብ፤ በ5 ማይክሮሜትር ልዩነት 20 ንጣፍ፤ በየ2 ደቂቃው አንድ ዙር። ለዝግተኛ የካንሰር ሴል ይህ ይበቃል። መርሁ ሴሉ በሁለት ምስሎች መካከል ከራሱ ስፋት ግማሽ በላይ እንዳይሄድ ነው፤ ፈጣኑን የመከላከያ ሴል፣ ቲ ሴልን፣ መከታተል ከፈለጉ ግን ወደ 30 ሰከንድ መውረድ አለብዎት። የዘይት ሌንስ አይጠቀሙ፤ የሥራ ርቀቱ አጭር ነው፣ በውሃ በተሞላ ሕብረ ሕዋስ ውስጥም ከጥቂት አሥር ማይክሮሜትር በኋላ ምስሉ ይዛባል። ከዋናው መስክ በተጨማሪ ሌላ መስክ መርጠው በመጀመሪያና በመጨረሻ ብቻ ይቅረጹት። በሁለቱ መስኮች ያሉት ሴሎች በመጨረሻው ሰዓት ቅርጻቸው ከተለያየ ሌዘሩ ሙከራዎን እየለወጠው ነው።

ስለ ጂኤፍፒ ራሱ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ ማብራት የሚጀምረው ኦክስጅን አግኝቶ ሲበስል ነው። ከደም ሥር የራቀው የዕጢ ማዕከል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ሴል በሕይወት እያለ ጨልሞ ሊታይ ይችላል። ጨለማ ቦታ ባዶ ቦታ አይደለም። ጂኑን የሚያስነሳው ሲኤምቪ የተባለው ፕሮሞተር ከሆነም በእንስሳ ውስጥ ከጊዜ በኋላ ዝም ሊል ይችላል። የመከላከያ አቅሟ ሙሉ በሆነች አይጥ ውስጥ ደግሞ ጂኤፍፒ እንደ ባዕድ ይታያል፤ ባልብ ሲ በሚባለው ዝርያ ይህ ይብሳል፣ ዕጢውም ሊጠፋ ይችላል። ያንኑ ሴል ከቀን ወደ ቀን ለይቶ መከተል ለሚሻ ሰው ዴንድራ2 የተባለው የሚያበራ ፕሮቲን የተሻለ ነው፦ በ405 ናኖሜትር ብርሃን ሲነካ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ስለሚለወጥ፣ ዛሬ ትንሽ ካሬ አቅልተው ነገ ቀዮቹ የት እንደደረሱ ይመለከታሉ።

በፎርማሊን የቆየ ቁራጭ ያው አይደለም። ሴሉ የት እንደነበረ ይነግርዎታል፤ ወዴት ይሄድ እንደነበረ፣ በምን ፍጥነትና ከማን ጋር እንደተነካካ ግን አይነግርዎትም። ማረጋገጫ አድርጎ መጠቀም ግን በጣም ጥሩ ነው፦ ከመጨረሻው ቀረጻ በኋላ ያንኑ ዕጢ ቆርጠው፣ በጂኤፍፒ ፀረ እንግዳ አካል ቀልመው፣ «የካንሰር ሴል» ያሏቸው በእርግጥ እነሱ መሆናቸውን ይፈትሹ። አልኮልና አሴቶን የጂኤፍፒን ብርሃን ስለሚያጠፉ ለዚህ አይጠቀሙባቸው፤ ግሉታራልዴሃይድ ደግሞ የተፈጥሮውን ብርሃን ያባብሳል። ፀረ እንግዳ አካልን በሕይወት ላለች አይጥ በደም መስጠት የሚሠራው በሴሉ ገጽ ላይ ላለ ዒላማ ብቻ ነው፤ 150 ኪሎዳልተን የሚያክል ነገር ወደ ሕያው ሴል ውስጥ አልፎ አይገባም፣ ዕጢ ውስጥም የሚሰራጨው በዝግታና ባልተስተካከለ መንገድ ነው።

መካከለኛው መንገድ ሕያው ቁራጭ ነው። አዲስ የወጣውን ዕጢ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ አጋሮዝ (ጄሊ መሰል ነገር) ውስጥ አስገብተው፣ በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ቪብራቶም በተባለ ባለ ተንቀጥቃጭ ቢላ መቁረጫ ከ200 እስከ 300 ማይክሮሜትር ይቁረጡት። ከዚያ በ37 ዲግሪና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ፌኖል ሬድ የተባለው ቀለም በሌለው ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ይቅረጹ። ከቢላው ጠርዝ አጠገብ ያለው ንጣፍ የተጎዳ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 20 ወይም 30 ማይክሮሜትሮች ይለፉ። ደም አይፈስም፤ ከሩቅ የሚመጡ የመከላከያ ሴሎችም የሉም፤ ይህን ገደብ በጽሑፍዎ ላይ በግልጽ ያስቀምጡት።

እርስዎ እንዲያደርጉ የምመክረው ይህን ነው፦ አሁን ባለው አሠራር ተጨማሪ አይጥ አያባክኑ። የሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ የሚጠቀሙበት ላቦራቶሪ ይፈልጉ፤ ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት መስኮቱን መስፋት ይለማመዱ፤ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ዕጢ በሌላት አይጥ ላይ ያውሉት። ያለዎት ኮንፎካል ብቻ ከሆነ ግን በጂኤፍፒ ፈንታ ሴሎቹ ቲዲቶማቶ የተባለውን ቀይ የሚያበራ ፕሮቲን እንዲያመርቱ አድርገው በ561 ናኖሜትር ይሥሩ፤ ቢጫ አረንጓዴው ሌዘር ከሰማያዊው ያነሰ ይበተናል፣ የሰውነቱ የራሱ ብርሃንም በቀዩ በኩል ይቀንሳል። ከ60 ማይክሮሜትር በታች አይውረዱ፤ ንጣፎቹን ወደ 8 ይቀንሱ፤ ኃይሉን ሴሎቹ ለአንድ ሰዓት ቅርጻቸውን ሳይለውጡ እስከቆዩበት መጠን ዝቅ ያድርጉ። ምስሉ ትንሽ ሻካራ ይሆናል፤ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሴሎች ግን ሌዘሩ ያልጎዳቸው ይሆናሉ።